ሊፕለስ ስትገዛ ከቀለሙ በፊት አወዳደቁን እይ

ጥያቄው ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ የመጣ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ልጅ እያለሁ ዝዋይ ላይ በትል ቆሮሶ እይዝ ነበር። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ባስ የሚሉት ዓሣ ፍቅር ያዘኝ። ሬይ ሃባርድ ሐይቅ ለቤቴ ቅርብ ነው። ሱቅ ስገባ ሊፕለስ ክራንክቤይት የሚሉት ማባበያ ግድግዳውን ሞልቶታል። አንዱ 7 ዶላር፣ አንዱ 20 ዶላር። ሦስት ገዝቼ ሁለቱን ድንጋይ በላብኝ። በሦስተኛው የያዝኩት ዓሣ ዘሎ አራግፎት ሄደ። ጓደኛዬ ‹ከቀዩ ሌላ አትግዛ› ይለኛል። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ሌክ ፎርክ ልንሄድ ነው፤ ጀልባ ያለው ሰው አግኝተናል። እጄ ላይ 60 ዶላር አለ። ምን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ጓደኛህ አልዋሸህም። ቀዩ በዚያ ሰሞን ይሠራል። ግን ምርጫውን ከመጨረሻው ነው ያስጀመረህ። ሊፕለስ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ክብደቱ ነው። ቀጥሎ አወዳደቁ። ከዚያ ድምፁ። ቀለም በተረፈው ገንዘብ የምትጫወትበት ነገር ነው። ሱቅ ውስጥ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። ሰው አንድን ግማሽ አውንስ በስምንት ቀለም ገዝቶ ይወጣል። ስምንት ማባበያ የያዘ ይመስለዋል፤ የያዘው አንድ ነው።

እስቲ ዕቃውን እጅህ ላይ አድርገህ እየው። ጠፍጣፋ ነው፣ የትንሽ ዓሣ ቅርጽ አለው። ሆዱ ውስጥ የሚንኳኩ ፍሬዎች አሉ። ክር የሚታሰርበት ቀለበት አፉ ላይ ሳይሆን ጀርባው ላይ ነው። ስትጎትተው ውሃው ግንባሩን ይመታውና መላ አካሉ ይርገበገባል። ሌላው ክራንክቤይት ከፊቱ የፕላስቲክ ምላስ አለው። ያ ምላስ ማባበያውን ወደተወሰነ ጥልቀት ይዞት ይወርዳል። ድንጋይና እንጨት ሲያጋጥመውም ቀድሞ ይመታና መንጠቆዎቹን ያሳልፋቸዋል። መጎተት ስታቆም አብዛኛው ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ሊፕለስ ይኼ ሁሉ የለውም። ካቆምክ ይሰምጣል። የሚሄድበትን ጥልቀት የሚወስኑት ክብደቱ፣ የሪልህ (የክር መጠቅለያህ) ፍጥነትና የዘንግህ ከፍታ ናቸው። ባዶ ድንጋይ ላይ ካሳረፍከው ደግሞ የሚከላከልለት ነገር ስለሌለ መንጠቆው በቀጥታ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ሁለቱን የተበላኸው በዚህ ነው።

ቴክሳስና ሉዊዚያና ውስጥ የቆዩ አጥማጆች ማንኛውንም ሊፕለስ «ትራፕ» ሲሉ ትሰማለህ። ስሙ የመጣው ከራትል ትራፕ ነው፤ ቢል ሉዊስ በ1960ዎቹ ሉዊዚያና ውስጥ ከሠራው። ዛሬም ከ10 ዶላር በታች ይሸጣል፤ ዛሬም ከውድ ወንድሞቹ እኩል ይይዛል። ስለዚህ የ20 ዶላሩ አያስጨንቅህ።

ወደ ክብደቱ እንምጣ። ሩብ አውንስ (7 ግራም ገደማ) ለኩሬ፣ ለጥልቅ ያልሆነ ዳርቻ፣ ለቀጭን ክር ነው። ግማሽ አውንስ (14 ግራም ገደማ) ዋናው የሥራ ፈረስ ነው፤ ከ3 እስከ 8 ጫማ ባለው ውሃ የፈለግከውን ያደርግልሃል። ሦስት አራተኛው (21 ግራም ገደማ) ለጠለቀ ውሃና ለነፋስ ቀን ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የጥልቀት ቁጥር መነሻ ብቻ ነው፤ በፍጥነት ከጎተትክና ዘንግህን ከፍ ካደረግክ ግማሽ አውንሱ ጉልበት በማይደርስ ውሃም ይሄዳል።

ትክክለኛውን ክብደት የሚነግርህ ግን ካርቶኑ ሳይሆን ሳሩ ነው። ሌክ ፎርክም ሆነ ሌሎች የምሥራቅ ቴክሳስ ሐይቆች ላይ ሃይድሪላ የሚባል የውሃ ውስጥ ሳር ታገኛለህ። በአሜሪካ ክረምት መጨረሻ፣ ፌብሩዋሪ ሰሞን፣ ያ ሳር ውሃው ላይ አይታይም። ከታች አጭር ሆኖ ቆሟል። ከሳሩ ጫፍ እስከ ውሃው ገጽ ባዶ ውሃ አለ። ማባበያህ መሄድ ያለበት እዚያ ባዶ ውሃ ውስጥ፣ የሳሩን ጫፍ እየነካ ነው። ወርውረህ ስትጎትት ዘንግህ ጫፍ ላይ የማያቋርጥ ንዝረት ይሰማሃል። ሳር ሲነካ ንዝረቱ ይደክማል፣ ለአፍታ ይታነቃል። ያኔ ሪሉን ብቻ አትጎትት፤ ዘንግህን ወደ ጎን ሸርተት አድርገህ ንጠቀው። ማባበያው ከሳሩ በርግጎ ይወጣል፣ ንዝረቱ ይመለሳል። ባስ የሚመታህ አብዛኛውን ጊዜ በዚያች ቅጽበት ነው። ወይም ከተነጠቀ በኋላ መልሶ ሊወድቅ ሲል። ጸጥ ብሎ ሲሄድ ሲያየው የነበረ ዓሣ፣ ሲያመልጥ ሲያየው መታገሥ አይችልም።

ስለዚህ ፈተናው ቀላል ነው። በየውርወራው ሳር ተሸክሞ ከመጣ ከብዶሃል፤ ወደ ቀለለው ውረድ ወይም ዘንግህን አንሣ። አሥር ጊዜ ወርውረህ አንዴም ሳር ካልነካህ ቀሎሃል፤ ወደ ከባዱ ውጣ ወይም ቀስ ብለህ ጎትት። አልፎ አልፎ ነካ አድርጎ በአንድ ንጥቂያ ከለቀቀ፣ ያ ክብደት የዚያ ቦታ ክብደት ነው። ቀለሙ ምንም ይሁን ምን።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፦ አወዳደቅ። ሁለት ግማሽ አውንስ ሊፕለሶች ጎን ለጎን ተሰቅለው አንድ ይመስላሉ። ውሃ ውስጥ ግን ሲለቀቁ ለየቅል ናቸው። አንዳንዱ በአፍንጫው ተደፍቶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አንዳንዱ በጎኑ ይተኛል። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ደረቅ ቅጠል ግራና ቀኝ እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል። የስትራይክ ኪንግ ሬድ አይ ሻድ የታወቀው በዚህ በሦስተኛው ነው፤ ክሩን ስታላላለትም መርገብገቡን አያቆምም። የስፕሮ አሩኩ ሻድና የጃካል ቲኤን 60 ደግሞ ክብደታቸው ወደ አፍንጫቸው ያደላ ነው። ከታች ሲያርፉ ጭንቅላታቸውን ደፍተው ጅራታቸውን ያነሣሉ። መንጠቆው ከመሬት ትንሽ ራቅ ስለሚል በጠንካራ መሬት ላይ ከሌሎቹ ይሻላሉ። ራትል ትራፕ በፍጥነት ሲጎተትና ከሳር ሲነጠቅ ነው ጌታ የሚሆነው።

ይኼ ለምን ይጠቅምሃል? ፌብሩዋሪ ላይ ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ባሱ ገና አልነቃም። ሩቅ አይከተልም። ቀጥ ብሎ በፍጥነት የሚያልፈውን ችላ ሊለው ይችላል፤ አጠገቡ ተነሥቶ የሚወድቀውን ግን ይወስዳል። አጥማጆች ይህን አሠራር ዮ-ዮ ይሉታል። ማባበያውን እስከ ታች ትለቀዋለህ። ዘንግህን አንሥተህ ከመሬት አንድ ሁለት ጫማ ታስነሣዋለህ። ከዚያ የዘንግህን ጫፍ ቀስ እያደረግክ ተከትለኸው ትወርዳለህ። ክሩ እንዳይወጠር፣ ግን ደግሞ ጨርሶ እንዳይላላ። ምቱ የሚመጣው ሲወርድ ስለሆነ፣ ክሩ ሙሉ በሙሉ ከላላ ዓሣው ቀምሶ ሲተፋው አታውቅም። አንዳንዴ የምታየው ክሩ ወደ ጎን ትንሽ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ወይም ታች መድረሻው ጊዜ ሳይደርስ ክሩ ሲላላ። ሁለቱም ዓሣ ነው፤ ጠርጥረህ ዘንግህን ሳብ።

ስለዚህ አዲስ ማባበያ ስትገዛ ዓሣ ወዳለበት ከመሄድህ በፊት አንዲት ነገር አድርግ። ጥርት ያለ ውሃ ያለበት የጀልባ ማቆሚያ ዳር ቁም። ማባበያውን ከእግርህ ሥር ልቀቀው። እንዴት እንደሚወርድ በዓይንህ እይ። ፍጥነቱንም ቁጠር። ጥልቀቱን የምታውቀው ቦታ ላይ ከሆንክ፣ እስከ ታች ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ካወቅክ ሌላ ቦታ ስትወረውር እየቆጠርክ የፈለግከው ጥልቀት ላይ ማስጀመር ትችላለህ። በሚወርድበት ጊዜ የሚገለበጥና በክሩ የሚጠላለፍ ካገኘህ ለዮ-ዮ አትጠቀምበት፤ ቀጥ ብሎ ለመጎተት አስቀምጠው።

ድምፁ ላይ ብዙ አልቆይም። አንዳንዱ ብዙ ትናንሽ ፍሬዎች ስላሉት ሻካራ፣ ከፍ ያለ ድምፅ ያወጣል። የቡያ ዋን ኖከር ዓይነቱ አንድ ትልቅ ፍሬ ብቻ ስላለው ድምፁ ወፈር ያለ ኳኳታ ነው። ጭራሽ የማይጮህም አለ። ውሃው ሲደፈርስ፣ ነፋስ ሲኖር፣ ጩኸታሙን ያዝ። ውሃው ሲጠራና ጀልባ ሲበዛ፣ ዝምተኛው ዕድል አለው። በተለይ ቅዳሜና እሑድ፤ ያን ባስ ከጠዋት ጀምሮ ሐያ ሰው ሲያንኳኳበት ውሏል። ምቱ ድንገት ከቆመ ከቀለሙ በፊት ድምፁን ቀይር።

ቀዩስ? ቀዩ የክሮፊሽ፣ የዚያ ባለ መቆንጠጫ የውሃ ፍጥረት፣ ምሳሌ ነው ይላሉ። በክረምት መጨረሻና በጸደይ መጀመሪያ ባስ ክሮፊሽ በደንብ ይበላል፤ እውነት ነው። ምሥራቅ ቴክሳስ ውስጥ በዚያ ሰሞን የቀይ ሊፕለስ ስም የገነነውም በከንቱ አይደለም። እኔ ግን ከቀለሙ የበለጠ ሥራ የሠራው ወቅቱና ሳሩ ነው ባይ ነኝ። ሁሉም ሰው ቀይ ከወረወረ የሚያዘውም በቀይ ነው። ለማንኛውም አንድ ቀይ ወይም ቀይ-ቡናማ ይኑርህ። ሁለተኛው ብርማ ወይም የሻድ መልክ ያለው ይሁን፤ ሻድ የሚባለው ትንሽ ብርማ ዓሣ የባሱ ዋና ምግብ ነው፤ በተለይ በመከር ወቅት ሻዱ ወደ ገባር ወንዞቹ ጫፍ ሲገባ ይህን ቀለም የሚያክል የለም። ፀሐይ ከሌለ የሚያብረቀርቀውን ክሮም ትተህ ደብዘዝ ያለውን ያዝ። ሦስተኛ ካማረህ ለደፈረሰ ውሃ ወርቃማ። ከዚያ በላይ ያለው ዓሣውን ሳይሆን አንተን ለመያዝ የተቀባ ነው።

ደግሞ ስለ ተአምረኛ ማባበያ ሲያወሩህ ይህን አስታውሳቸው። የቴክሳስ የላርጅማውዝ ባስ ክብረ ወሰን 18.18 ፓውንድ ነው። ጃንዋሪ 1992 እዚያው ሌክ ፎርክ ላይ ነው የተያዘው። ያዢው ባስ እንኳ እያጠመደ አልነበረም። ክራፒ የሚባለውን ሌላ ዓሣ ለመያዝ ትንሽ ሕያው ዓሣ መንጠቆ ላይ አድርጎ ነበር።

አሁን ወዳመለጠህ ዓሣ። ሊፕለስ ላይ ዓሣ ማምለጡ የታወቀ በሽታ ነው። ማባበያው ከባድና ጠንካራ ነው። ባሱ ዘሎ ጭንቅላቱን ሲያራግፍ ያ ክብደት ይወዛወዝና ራሱን መንጠቆውን ይነቅለዋል። ስለዚህ እንዳይዘል ማድረግ አለብህ። እንደያዘ የዘንግህን ጫፍ ወደ ውሃው ዝቅ አድርግ፤ አንዳንዴ ውሃ ውስጥ ቢገባም ግድ የለም። ሪልህን አታቁም። ሲመታህም እንደ ድንጋጤ ወደ ላይ አትመንጭቅ፤ እየጎተትክ ወደ ጎን ጠረግ አድርገው። ባለሦስት ሹል መንጠቆ ትንሽ ጫና ይበቃዋል። በኃይል ከመነጨቅከው ሥጋውን ቀድዶ ይወጣል።

ዘንጉም ይፈርዳል። ለሊፕለስ ድርቅ ያለ ዘንግ አይሆንም። 7 ጫማ አካባቢ ሆኖ ከመሃሉ ጀምሮ የሚተጣጠፍ፣ ለክራንክቤይት የሚሸጠው ዓይነት ይሻላል፤ ዓሣው ሲያራግፍ ዘንጉ ይሰጥለታል። ከ12 እስከ 17 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን ክር ለግማሽ አውንስ ይበቃል፤ ሳሩ ሲወፍር ወፍራሙን። ብሬድ (የተጎነጎነ) ክር ሳር በመቁረጥ የሚስተካከለው የለም። ግን አይለጠጥም፤ በድርቅ ዘንግ ላይ ከጫንከው ያመለጠህ ዓሣ ይበዛል። ያለህ ተራ ስፒኒንግ ዘንግ ከሆነ ሌላ አትግዛ፤ ሩብ አውንሱን በ10 ፓውንድ ክር ወርውርበት።

መንጠቆውን ፈትሽ። ጥፍርህ ላይ ሹሉን አስደግፈህ ቀስ ብለህ ግፋው። ከተንሸራተተ ደንዝዟል። ከያዘ ጤነኛ ነው። ድንጋይ የነካ መንጠቆ ሁሌ ይህን ፈተና ይውደቅ አይውደቅ እይ። የደነዘዘውን ቀይር፤ ቁጥሩ ሲያንስ መንጠቆው እንደሚተልቅ አትርሳ፣ 2 ቁጥር ከ4 ቁጥር ይበልጣል። በጣም ካተለቅከው ግን መርገብገቡ ይሞታል፣ አወዳደቁም ይለወጣል። ከቀየርክ በኋላ እንደገና ዳር ላይ ልቀቀውና እየው። ዓሣውን ስታስለቅቅ ደግሞ ረጅም አፍንጫ ያለው ፒንሳ ይዘህ ግባ። ሁለት ባለሦስት መንጠቆ የተንጠለጠለበትን ባስ በአውራ ጣት ከንፈሩን ልያዝ ማለት ሆስፒታል መግባት ነው። ልጆች ካሉ የመንጠቆዎቹን ጥርስ በፒንሳው ደፍጥጠህ ስጣቸው።

ማባበያው ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ ሲያዝብህ ደግሞ አትጎትት። ሁሉም ሰው የሚያደርገው እሱን ነው፤ መንጠቆው ይበልጥ ይቀረቀራል። ክሩን ሰብስበህ ቀረብ በል። ከዚያ አላላውና የዘንግህን ጫፍ በፍጥነት አርገብግበው። የማባበያው የራሱ ክብደት እየተወዛወዘ መንጠቆውን በመጣበት ያስወጣዋል። ከዳር ላይ ከሆንክ ጥቂት እርምጃ ወደ ሌላው ጎን ሄደህ ከተቃራኒ አቅጣጫ ሞክር።

ሬይ ሃባርድ ላይ ከዳር የምታጠምድ ከሆነ ድልድዮቹ ሥር ያለው የድንጋይ ድርድር ነው የሚያጠፋህ። ቀጥታ ወደ መሃል ወርውረህ ወደ ድንጋዩ ሽቅብ አትጎትት። ከድንጋዩ ጋር ጎን ለጎን ወርውር። ዘንግህን ከፍ አድርግ፣ ማባበያው ውሃ እንደነካ መጎተት ጀምር። ባሱ ራሱ ድንጋዩን ተጠግቶ ስለሚቆም ረጅም መንገድ ፊቱ ታሳልፍለታለህ። ነፋስ የሚመታውን ጎን ምረጥ፤ ሻዱን ነፋሱ ይገፋዋል። ዮ-ዮውን እዚያ አትሞክረው።

60 ዶላሩን እንዲህ አድርገው። አንድ ራትል ትራፕ፣ ግማሽ አውንስ፣ ቀይ። አንድ ሬድ አይ ሻድ፣ ግማሽ አውንስ፣ የሻድ መልክ። ሬይ ሃባርድ ከዳር ላይ የምታዘወትር ከሆነ አንድ ሩብ አውንስ፤ ሌክ ፎርክን ካስበለጥክ በሱ ፈንታ ሦስት አራተኛ አውንስ። አንድ ጥቅል ባለሦስት መንጠቆ። ፒንሳ ከሌለህ ፒንሳ። የተረፈውን ለድንጋይ አስቀምጥ፤ ድንጋይ ይበላል፣ መተኪያ ያስፈልግሃል። ጀርባው ላይ ካለው ቋሚ ቀለበት ሌላ ተንቀሳቃሽ ቀለበት ከተንጠለጠለበት ክርህን እሱ ላይ እሰር። ከሌለ ትንሽ ክብ ማያያዣ ተጠቀም። ሽቦና ማሽከርከሪያ ከፊቱ አታስገባ፤ መርገብገቡን ያበላሸዋል።

ሌክ ፎርክ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ጥሩ ወቅት ነው። ውሃው ከ50 እስከ 60 ፋራናይት (ከ10 እስከ 15 ሴልሺየስ ገደማ) ውስጥ ሲሆን ባሱ እንቁላል ለመጣል ወደ ዳር መጠጋት ይጀምራል። ግን ገና ዳር አልደረሰም። ስለዚህ የገባር ወንዞቹን አፍና የሳሩን የውጭ ጠርዝ፣ ከ4 እስከ 8 ጫማ ያለውን ፈልጉ። ጠዋት ውሃው ሲቀዘቅዝ በሬድ አይ ሻዱ ዮ-ዮ ጀምር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያሞቀው በራትል ትራፑ ፍጠን። እንቁላሉ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ግን ሊፕለሱን አስቀምጠው፤ በፍጥነት የሚያልፍ ነገር አያሳድድም። በሞቃቱ የአሜሪካ በጋ ላይም ሳሩ ውሃውን ሲሸፍን ትርፉ ሳር መሰብሰብ ነው።

ሐይቁ ላይ የቆሙ የደረቁ ዛፎች ሞልተዋል። ለጀልባውም ለማባበያውም ጠላት ናቸው። በዛፎቹ መሃል አትወርውር፤ በጠርዛቸው አሳልፈው። ደግሞ ሌክ ፎርክ የራሱ ሕግ አለው። ከ16 እስከ 24 ኢንች ያለው ባስ ወዲያው ይለቀቃል። ከ16 ኢንች በታች ያለውን መያዝ ይቻላል፤ ከ24 በላይ የሆነ በቀን አንድ ብቻ። በጠቅላላው በቀን አምስት። ርዝመቱ የሚለካው አፉ ተዘግቶ፣ ጅራቱ ተጨምቆ ነው። ጓደኛህ ጀልባ ያለውን ሰው መለኪያ ሰሌዳ እንዳለው ይጠይቀው፤ ከሌለው ከ60ው ዶላር ላይ ቀንሰህ ግዛ።